ባርነትን የሚከለክል የኩባንያ ጽሑፍ በምን ይመዘናል?



ባርነት የሚለው ቃል ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ሰው እንደ ከብት በገበያ ይሸጥና ይለወጥ የነበረበትን ያለፈውን ዘመን ነው። በሀገራችን ባርነትን የሚያስቀረው አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ከወጣ ብዙ ዘመን አልፏል። በዛሬይቱም ዓለም ሰው ሰውን እንደ ንብረት እንዲይዝ የሚፈቅድ ሕግ ያለው መንግሥት አይገኝም። ዳሩ ግን ሕግ የሻረውን ነገር ኑሮ ሁልጊዜ አይሽረውም። ሰውን ያለ ፈቃዱ ይዞ ማሠራት ስሙንና መልኩን ለውጦ በፋብሪካ፣ በእርሻ፣ በዓሣ አጥማጅ መርከብና በሕንፃ ሥራ ቦታ እስካሁን ይገኛል። ዘመናዊ ባርነት የሚባለውም ይኸው ነው።

ይህም ተራ ወሬ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መግለጫ፤ በ2021 በዘመናዊ ባርነት ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች 49.6 ሚሊዮን ያህል እንደ ነበሩ ገምቷል። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ የሚቈጠረው እንደ አውሮፓውያን ነው።) ከነዚህም ውስጥ 22 ሚሊዮኑ ያለ ፈቃዳቸው የተዳሩ ሲሆኑ፤ 27.6 ሚሊዮኑ በግዳጅ ሥራ የተያዙ ናቸው። ከግዳጅ ሠራተኞቹም 17.3 ሚሊዮን የሚሆኑት በግል አሠሪዎች እጅ በእርሻ፣ በፋብሪካ፣ በሕንፃ፣ በቤት ውስጥ ሥራና ይህን በመሰለው ተግባር ላይ የተገኙ ነበሩ። ይኸው ድርጅት በ2024 ባወጣው ጥናት ደግሞ ከግዳጅ ሥራ በያመቱ የሚገኘው ሕገ ወጥ ትርፍ 236 ቢሊዮን ዶላር ያህል መሆኑን ገልጧል።

ለመሆኑ የግዳጅ ሥራ ማለት ምን ማለት ነው? በ1930 የተደነገገውና ኢትዮጵያም በ2003 የተቀበለችው የዓለም የሥራ ድርጅት 29ኛ ስምምነት፤ አንድ ሰው በወዶ ገባነት ሳይሆን ቅጣት ይደርስብሃል እየተባለ የሚሠራው ሥራ ሁሉ የግዳጅ ሥራ ነው ይላል። ይህንን ትርጓሜ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የደመወዝ ማነስ፤ በደል ሊሆን ቢችልም፤ ብቻውን ባርነት አይባልም። የባርነቱ መለያ ሠራተኛው ሥራው ሲከፋው ትቶ መሄድ አለመቻሉ ነው። እንዳይሄድ የሚያደርገውም ሰንሰለት ብዙ ጊዜ ከብረት የተሠራ አይደለም። ድርጅቱ ከዘረዘራቸው 11 ምልክቶች መካከል ፓስፖርትን ነጥቆ መያዝ፣ ደመወዝን ማስቀረት፣ በማታለል መቅጠር፣ ማስፈራራት፣ ከልክ ያለፈ የትርፍ ሰዓት ሥራና በዕዳ ማሰር ይገኙባቸዋል።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ነገር ከእርስዎ ሩቅ መስሎ ይታይዎት ይሆናል። ነገር ግን የለበሱትን ሸሚዝ ያስቡ። ጥጡን አንዱ አበቀለው፤ ሌላው ፈተለው፤ ሌላው ሸመነው፤ ሌላው ሰፋው፤ በመርከብም ተጭኖ ባሕር ተሻገረ። በአንገትጌው ላይ ስሙን ያተመው ኩባንያ ምናልባት ከነዚህ ሠራተኞች አንዱን ስንኳ አልቀጠረም። ዕቃ ከጥሬው ተነሥቶ ከገዢው እጅ እስኪደርስ የሚያልፍባቸው እጆች ሁሉ በአንድነት የአቅርቦት ሰንሰለት ይባላሉ። ባርነት የሚሸሸገውም ከዚህ ሰንሰለት በራቁት ቀለበቶች፤ ይኸውም የባለ ስሙ ኩባንያ ዓይን በማይደርስበት ስፍራ ነው።

ይህን ችግር ለማስወገድ ልዩ ልዩ መንግሥታት ሕግ አውጥተዋል። የእንግሊዝ መንግሥት በ2015 ባወጣው ሕግ በዓመት 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ ገቢ ያለው ኩባንያ በራሱም ሥራ ሆነ በአቅራቢዎቹ ዘንድ ባርነት እንዳይኖር ምን እንዳደረገ በያመቱ በጽሑፍ እንዲገልጥ አዟል። ጽሑፉን የዲሬክተሮች ቦርድ ያጸድቀዋል፤ ከዲሬክተሮቹም አንዱ ይፈርምበታል። አውስትራልያ በ2018 ይህን የመሰለ ሕግ አወጣች፤ የራሷንም መንግሥት የሕጉ ተገዢ አደረገች። ፈረንሳይ በ2017 ከዚህ አልፋ ትልልቅ ኩባንያዎች የጥንቃቄ ዕቅድ እንዲያወጡና ዕቅዱን ባለመፈጸማቸው ጉዳት ቢደርስ በፍርድ ቤት እንዲጠየቁ ደነገገች።

በነዚህ ሕጎች ምክንያት ዛሬ በሺሕ የሚቈጠሩ ኩባንያዎች ባርነትን የሚያወግዝ ጽሑፍ አላቸው። ቃላቱ ያማሩ ናቸው፤ ፊርማውም ከነማዕርጉ ተቀምጧል። ነገር ግን ጽሑፍ መኖሩና ሥራ መሠራቱ አንድ አይደሉም። በእንግሊዙ ሕግ አንድ ኩባንያ «በዚህ ዓመት ምንም አላደረግሁም» ብሎ ቢጽፍ ስንኳ ሕጉን እንደ ፈጸመ ይቈጠራል። የአውስትራልያንም ሕግ አፈጻጸም የመረመረው የ2023 ሪፖርት፤ ሕጉ በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ በባርነት ውስጥ ላሉት ሰዎች ኑሮ እውነተኛ ለውጥ ማምጣቱን የሚያሳይ ጽኑ ማስረጃ አለመገኘቱን ገልጧል። ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ እንደ ተባለው፤ ጽሑፉ በመዝገብ ቤት ሲቀመጥ ሠራተኛው በቦታው ቀርቷል ማለት ነው። በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ይህን ልዩነት በሚገባ ያውቀዋል።

እንግዲህ እውነተኛውን ጽሑፍ ከሽፋኑ የምንለየው በምንድር ነው? ነገሩን በግልጽ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እንውሰድ።

በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ ሐኪሞችና አስታማሚዎች ሁሉ የላስቲክ የእጅ ጓንት ይሹ ነበር። የዚህም ዕቃ ትልቁ ምንጭ ማሌዥያ ነበረች፤ ከፋብሪካዎቹም ሁሉ በዓለም ትልቁ ቶፕ ግላቭ የተባለው ኩባንያ ነበር። በፋብሪካዎቹ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከኔፓል፣ ከባንግላዴሽና ከሌሎች ሀገሮች የሄዱ ናቸው። በሐምሌ ወር 2020 የአሜሪካ የጉምሩክ መሥሪያ ቤት የዚህ ኩባንያ ክፍል የሆኑ ሁለት ድርጅቶች የሠሩት ጓንት ወደ አሜሪካ እንዳይገባ አገደ። ምክንያቱንም ሲገልጥ፤ ሠራተኞቹ በዕዳ መታሰራቸውን፣ ከልክ በላይ የትርፍ ሰዓት መሥራታቸውን፣ የመታወቂያ ወረቀታቸው መያዙንና የሥራውና የመኖሪያው ሁኔታ የከፋ መሆኑን የሚያመለክት ማስረጃ ማግኘቱን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በሠራተኞቹ ማደሪያ ወረርሽኙ ገብቶ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩት ታመሙ። የሐኪሙን እጅ ከበሽታ የሚጠብቀውን ጓንት የሠሩት ሰዎች ራሳቸው መጠበቂያ አጡ።

የዕዳው ነገር እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ያሻል። አንድ ሰው ወደ ውጭ ሀገር ሥራ ሲሄድ ለደላላ፣ ለቪዛ፣ ለትኬትና ለልዩ ልዩ ወረቀት ይከፍላል። ገንዘብ ስለሌለው መሬቱን አስይዞ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል። ለማስረዳት ያህል፤ የተበደረው 4,000 ዶላር ነው እንበል። ከደመወዙም በየወሩ 100 ዶላር ለዕዳው ቢከፍል፤ ወለዱ ሳይታሰብ 40 ወር፤ ይኸውም ከሦስት ዓመት በላይ የሚሠራው ዕዳውን ለማውረድ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አለቃው ቢሰድበው፣ የዕረፍት ቀኑን ቢከለክለው ወይም በማይገባ ስፍራ ቢያሳድረው ወዴት ይሄዳል? ሥራውን ቢተው ቤተ ሰቡ መሬቱን ያጣል። በሩ አልተቈለፈም፤ ዘበኛም አልቆመበትም፤ እርሱ ግን ታስሯል።

የቶፕ ግላቭ ኩባንያ ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ የሚቀጠር ሠራተኛ አንዳች እንዳይከፍል የሚል መመሪያ እንደ ነበረው ገልጦ ነበር። መመሪያው በራሱ መልካም ነው። ዳሩ ግን ከዚያ በፊት ከፍለው የገቡት ሠራተኞች ዕዳ እንደ ነበረ ቀረ። ነገሩን የለወጠው እገዳው ነው። ኩባንያው ለሠራተኞቹ የከፈሉትን ገንዘብ መመለስ ጀመረ፤ ማደሪያቸውንም አሻሻለ። የጉምሩክ መሥሪያ ቤቱ በመስከረም ወር 2021 እገዳውን ሲያነሣ፤ ለሠራተኞቹ የተመለሰው ገንዘብ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው፤ መመሪያ የሚመዘነው ባርነትን በሚያወግዝበት ቃል ሳይሆን፤ ለሠራተኛው በመለሰለት ገንዘብና ነፃነት መሆኑን ነው።

ይህን ካየን ዘንድ፤ አንድ የኩባንያ ጽሑፍ በእጃችን ሲገባ የምንጠይቃቸውን አምስት ጥያቄዎች እንዘርዝር።

አንደኛ፤ ጽሑፉ ስፍራ ይጠራልን? «ባርነትን በማናቸውም መልኩ አንታገሥም» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንም ሊጽፈው ይችላል። የሚጠቅመው ግን ጥጡ ከየት ሀገር እንደሚመጣ፣ የሚሰፉት ፋብሪካዎች እነማን እንደ ሆኑ፣ ከነዚህም ውስጥ አደጋው የሚያይለው የት እንደ ሆነ የሚናገረው ነው። ከፊተኛው አቅራቢ በስተኋላ ያሉትን የማያውቅ ኩባንያ ስለ ሰንሰለቱ ንጽሕና ሊመሰክር አይችልም። አንዳንዱ ኩባንያ አቅራቢዎቼ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ስለ ሆኑ ሁሉን ላውቅ አልችልም ይላል። ይህ አነጋገር እውነትነት አለው። ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት በ2011 የተቀበለው መምሪያ ለዚህ መልስ አለው፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ መመርመር የማይቻል ሲሆን በሰው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከሁሉ ከከፋበት ስፍራ ይጀመራል። በመጀመሪያ የሚታየው ለኩባንያው ስም የሚያሰጋው ሳይሆን ለሰው የሚያሰጋው ነው።

ሁለተኛ፤ የቅጥሩን ወጪ የከፈለው ማን ነው? ከላይ እንዳየነው የዕዳው ቍልፍ ያለው በዚህ ላይ ነው። መልካም ጽሑፍ ወጪውን የሚከፍለው አሠሪው እንጂ ሠራተኛው እንዳልሆነ በግልጽ ይደነግጋል። ከዚህም አልፎ፤ ሠራተኛው በሀገሩ ለደላላ የሰጠው ገንዘብ መኖሩን እንዴት እንደሚያጣራና ቢገኝ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚመልስለት ይናገራል።

ሦስተኛ፤ መመሪያው ራሱን ገዢውን ያስራልን? ብዙ ጽሑፎች ግዴታውን ሁሉ በአቅራቢው ላይ ይጭናሉ። አቅራቢው ሕግ ያክብር፤ አቅራቢው መልካም ደመወዝ ይክፈል፤ አቅራቢው ይመርመር ይላሉ። ነገር ግን ገዢው ራሱ ዋጋውን በያመቱ ዝቅ የሚያደርግ፣ ትእዛዙን በመጨረሻው ሰዓት የሚለውጥና ዕቃው በጥቂት ቀን ይድረስልኝ የሚል ከሆነ፤ ፋብሪካው ሌሊቱን በግዳጅ ከማሠራት ወይም ሥራውን ለማይታወቅ ንዑስ ተቋራጭ ከማስተላለፍ በቀር ምን ምርጫ ይኖረዋል? ስለዚህ የሰብአዊ መብት ክፍሉ የጻፈውን ጽሑፍ ከግዥ ክፍሉ አሠራር ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚፈጸመው የግዥ ክፍሉ ነው።

አራተኛ፤ ሠራተኛው ተጠይቋልን? ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ የሚመኩት በምርመራ ነው። መርማሪው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይመጣል፤ ፋብሪካው መምጣቱን አስቀድሞ ያውቃል፤ የደመወዝ መዝገብ ይቀርብለታል፤ ጥቂት ሠራተኞችም በአለቆቻቸው ደጃፍ ይጠየቃሉ። ኪሣራውንም የሚከፍለው ብዙ ጊዜ የሚመረመረው ራሱ ነው። ይህ ዓይነት ምርመራ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል በ2012 በፓኪስታን የደረሰው አደጋ ያስረዳል። በካራቺ ከተማ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለው የልብስ ፋብሪካ የሥራውን ሁኔታ መልካምነት የሚመሰክር ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ካገኘ ጥቂት ሳምንት ብቻ ሆኖት ሳለ፤ በመስከረም 11 ቀን እሳት ተነሥቶበት ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በመስኮቶቹ ላይ የብረት ፍርግርግ ነበረ፤ መውጫዎቹም ተዘግተው ነበር። ይህ አደጋ የባርነት ጉዳይ አይደለም፤ ዳሩ ግን የተዘጋን በር ያላየ ምርመራ ደላላ የወሰደውን ገንዘብ ያያል ብሎ ማመን ይቸግራል። መርማሪው ያላየውን በየቀኑ የሚያየው ሠራተኛው ነውና፤ ያለ ፍርሃት የሚናገርበት መንገድ መኖር አለበት።

አምስተኛ፤ ጥፋት ሲገኝ ምን ይደረጋል? «በአቅርቦታችን ውስጥ ባርነት አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ በመጀመሪያ ሲያነቡት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን አደጋ በበዛበት ሀገር የሚሠራ ኩባንያ በያመቱ ምንም አላገኘሁም ቢል፤ አለመፈለጉን የሚያመለክት ሊሆን ይችላል። «ይህን ያህል በደል አገኘን፤ ይህን ያህል ገንዘብ ለተበደሉት መለስን፤ ይህ ደግሞ ገና ይቀረናል» የሚለው ይበልጥ ይታመናል። ጥፋት የተገኘበትን አቅራቢ ወዲያው ትቶ መሄድም ሁልጊዜ መልካም ሥራ አይደለም። ኩባንያው እጁን ታጥቦ ሲሄድ ሠራተኛው ከነዕዳው ሥራ አጥ ይሆናልና። መተው የሚገባው አቅራቢው ለማረም እንቢ ያለ እንደ ሆነ ነው።

እነዚህ አምስቱ ነገሮች ሲሟሉ ሥራው እንደሚሠራ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት በኢሞካሊ ከተማ አካባቢ ቲማቲም የሚለቅሙ ስደተኞች ለብዙ ዓመታት እጅግ ተጨቍነው ይሠሩ ነበር፤ አንዳንድ አሠሪዎችም ሰዎችን በባርነት በመያዝ ወንጀል ተከስሰው ተፈርዶባቸዋል። ሠራተኞቹ ራሳቸው ማኅበር አቋቁመው ነገሩን ወደ ገዢዎቹ ወሰዱት። በ2001 ታኮ ቤል በተባለው የምግብ ቤት ድርጅት ላይ አድማ ጀመሩ፤ በ2005ም ስምምነት ላይ ደረሱ። ከ2011 ጀምሮ የፍሎሪዳን የቲማቲም እርሻዎች አብዛኛውን ክፍል ያቀፈ አዲስ አሠራር ተጀመረ። ገዢዎቹ ኩባንያዎች ለአንድ ፓውንድ ቲማቲም አንድ ሳንቲም ያህል ጨምረው ይከፍላሉ፤ ይህም ለሠራተኞቹ ይደርሳል። መብታቸውን የሚማሩት ደመወዝ በሚታሰብበት ሰዓት፤ ከራሳቸው ከሠራተኞቹ አንደበት ነው። አቤቱታ የሚቀበል ስልክ ሌሊትና ቀን ክፍት ነው። የግዳጅ ሥራ የተገኘበት እርሻ ለነዚህ ገዢዎች መሸጥ አይችልም። ገዢው ይህን የሚፈጽመው በበጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ በሚያስገድድ ውል ስለ ታሰረ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ጽሑፉ ብቻውን አልቆመም፤ ገንዘብ፣ የሠራተኛ ድምፅና ቅጣት ደግፈውታል።

ይህ ሁሉ የነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በየሀገሩ ከትልልቆቹ ገዢዎች አንዱ መንግሥት ነው። የሐኪም ቤቱን ጓንት፣ የዘበኛውን የደንብ ልብስ፣ የመሥሪያ ቤቱን ዕቃና የሕንፃውን ሥራ የሚገዛው በመንግሥት ሠራተኛ ፊርማ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ2015 ባወጣው የግዥ ደንብ ከእርሱ ጋር የሚዋዋል ሁሉ ከሠራተኞቹ የቅጥር ክፍያ እንዳይቀበል ከልክሏል። ስለዚህ የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ ወይም የሚመረምር ሰው፤ ሕጉ በፈቀደለት መጠን፤ ከዋጋውና ከጥራቱ አጠገብ «ይህን ዕቃ የሠራው ሰው ሥራውን ለማግኘት ከፍሏልን?» ብሎ መጠየቁ ከሥራው ውጭ አይደለም።

ለእኛም ጥያቄው እንግዳ አይደለም። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ለሥራ ወደ ዐረብ ሀገሮች ሲሄዱ ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ በስንት ቤት የተሸጠ በሬና የተበደረ ብር እንደ ሆነ የማያውቅ ጥቂት ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቍጥር 923 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱንና የሥራ ፈቃዱን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን የደነገገው ይህንኑ ዕዳ ከሥሩ ለመንቀል ነው። በማሌዥያ ፋብሪካ የኔፓሉን ልጅ ያሰረው ዕዳና የእኛን ልጅ በሰው ሀገር የሚያስረው ዕዳ አንድ ዓይነት ነው፤ መድኃኒቱም አንድ ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላልና፤ ኩባንያዎች ባርነትን እንከለክላለን ብለው መጻፋቸው መልካም ጅምር ነው። ያልተጻፈ ተስፋ የሚጠየቅበት የለውም፤ የተጻፈው ግን ጸሐፊውን ይይዘዋል። የሚይዘው ግን አንብቦ የሚጠይቅ ሰው ሲገኝ ብቻ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከጠረጴዛዎ ላይ ሲደርስ የፊርማውን ማማርና የቃላቱን ክብደት አይመልከቱ። ስፍራውን ጠርቷልን፤ የቅጥሩን ወጪ ማን ከፈለ፤ ገዢው በምን ታሰረ፤ ሠራተኛው ለማን ይናገራል፤ ለተበደለውስ ምን ተመለሰለት ብለው ይጠይቁ። ለነዚህ መልስ የሌለው ጽሑፍ፤ ማኅተሙ ቢበዛም፤ ከዕዳው ያወጣው አንድም ሰው አይገኝም።